ከህዋስ እስከ ሥርዓተ ምኅዳር፦ የባሌ ቀይ ቀበሮና የአንድ ቫይረስ ጉዞ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ መምህራንና ተማሪዎች፦

በትምህርት ቤት የባዮሎጂ መጻሕፍት ሕይወት ያላቸው ነገሮች በደረጃ ተደርድረው ይቀርባሉ። በመጀመሪያ ህዋስ፣ ቀጥሎ ሕብረ ህዋስና የአካል ክፍሎች፣ ከዚያ ሙሉው ተክል ወይም እንስሳ፣ በስተመጨረሻም ዝርያዎች እርስ በርሳቸውና ከአካባቢያቸው ጋር ተሳስረው የሚኖሩበት ሥርዓተ ምኅዳር ይመጣል። አደራደሩ ለማስተማር ይመቻል፤ ሁለት ጉዳት ግን አለው። አንደኛው፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የትምህርት ዘመኑ ሲገባደድ በጥድፊያ የሚታለፍ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና የከፋው፣ ተማሪው ህዋስን የላቦራቶሪ ጉዳይ፣ ሥርዓተ ምኅዳርን ደግሞ የጫካና የተራራ ጉዳይ አድርጎ፣ ሁለቱን እንደማይገናኙ ትምህርቶች እንዲይዛቸው ማድረጉ ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህን አያያዝ የሚሞግት ነው። በአንዱ ደረጃ የሚነሣ ጥያቄ መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በሌላው ደረጃ ላይ መሆኑን፣ አንድ የአገራችንን እንስሳና አንድ በሽታን ይዤ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። እንስሳው ቀይ ቀበሮ፣ በሽታው የእብድ ውሻ በሽታ፣ ቦታው ባሌ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ የሚኖር የውሻ ወገን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ የስሜን ተራሮችን የሚያስታውስ ቢሆንም፣ ዛሬ ከጠቅላላ ቁጥሩ ከግማሽ በላይ የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው፤ የቀረው በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎና በስሜን ከፍታዎች ላይ በትንንሽ ስብስቦች ተበታትኖ ይገኛል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው 500 እንደማይሞሉ ይገመታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ያለው የሳነቴ አምባ ጅብራ ቆሞበት፣ አጫጭር ሣርና ቁጥቋጦ ለብሶ፣ ሌሊት ከዜሮ በታች እየቀዘቀዘ፣ ቀን በጠራራ ፀሐይ እየተቃጠለ የሚውል ምድር ነው። ለእርሻ የማይመች፣ ለአይጥ ግን እጅግ የሚመች።

ለአይጥ መመቸቱ ለነገራችን ቁልፍ ነው። የባሌ ቀይ ቀበሮ ከምግቡ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አይጥና ፍልፈል ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ትልቁ የባሌ ፍልፈል፣ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ሊደርስ የሚችል፣ ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ ነው። አመጋገቡ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ዐይኖቹ ከራሱ አናት አጠገብ ስለተቀመጡ፣ ከጉድጓዱ ጥቂት ብቅ ሲል ቀሪው ሰውነቱ ገና ከመሬት በታች ሳለ ዙሪያውን ማየት ይችላል። ከዚያ ወገቡን ከጉድጓዱ ሳያወጣ በአፉ የደረሰበትን ሣርና ቅጠል ነቃቅሎ ይጎትታል፤ ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ ካደረገ በኋላ ወደ ኋላው ተመልሶ ቀዳዳውን በአፈር ይደፍነዋል። ቀይ ቀበሮው በበኩሉ ጆሮውን ቀስሮ፣ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ፣ ያችን አጭር ጊዜ ይጠብቃል። አይጦቹ በቀን ስለሚወጡ እርሱም የሚያድነው በቀን ነው፤ አይጥ ለማደን ጓደኛ ስለማያስፈልገውም ብቻውን ያድናል። የሚገርመው፣ ይህን ፍልፈል በጥንት ጊዜ ሰውም ያድነው የነበረ መሆኑ ነው። ፊንጫ ሐበራ በተባለ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ የባሌ ዋሻ የተደረገውና በ2019 ይፋ የሆነው የቁፋሮ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ የኖሩ ሰዎች ዋና ምግባቸው የተጠበሰ ትልቅ ፍልፈል ነበር።

አሁን ቀላል የሚመስል ጥያቄ ላንሣ። አምባው በአይጥ የተሞላ ከሆነ ቀይ ቀበሮ ለምን ይህን ያህል ጥቂት ሆነ? በመልካም ጊዜም እንኳ፣ አንድ መንጋ የሚይዘው ግዛት ምግብ በሞላበት የባሌ ክፍል በአማካይ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መልሱ የሚገኘው በኃይል ሒሳብ ውስጥ ነው። ሬይመንድ ሊንደማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ በሕመም ከሞተ በኋላ በ1942 በታተመለት ጽሑፍ፣ በአንድ ትንሽ ሐይቅ ውስጥ ያሉ ሕያዋንን በምግብ ደረጃ ከፍሎ፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ምን ያህል ኃይል እንደሚያልፍ አሰላ። ከእርሱ በኋላ በተሠሩ ብዙ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ግምት ከአሥር አንድ ያህል ነው፤ ልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሣሩ ከፀሐይ ተቀብሎ በአካሉ ካከማቸው ኃይል ለአይጡ አካል የሚደርሰው አሥራቱ ነው፤ አይጡ ካከማቸው ደግሞ ለቀበሮው አካል የሚደርሰው አሥራቱ፣ ማለትም ከሣሩ ኃይል የአሥራቱ አሥራት ነው። የቀረው ኃይል አልጠፋም፤ አይጡ ሲሮጥ፣ ሲቆፍር፣ በብርድ ሌሊት ሰውነቱን ሲያሞቅ ወደ ሙቀት ተለውጦ ወጥቷል፣ ሳይበላ የቀረውም ወደ ብስባሹ ሄዷል። ስለዚህ በሥጋ በል እንስሳ ጥቂትነት ላይ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለም። የሚያስደንቀው፣ ይህ ጥቂትነት ከታች በህዋስ ውስጥ በሚካሄድ የኬሚካል ሥራ የተወሰነ መሆኑ ነው።

ስለ ህዋስ ታሪክ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ሮበርት ሁክ በ1665 የቡሽ ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አይቶ ክፍልፋዮቹን ሰየመ፤ ሽላይደንና ሽቫን በ1838 እና በ1839 ዕፅዋትም እንስሳትም ከህዋስ የተሠሩ መሆናቸውን ገለጹ፤ ቪርኾ ደግሞ በ1855 ማንኛውም ህዋስ ከሌላ ህዋስ እንደሚወለድ ጻፈ። ልቆይበት የምፈልገው ህዋስ ኃይልን የሚያንቀሳቅስበት መንገድ ላይ ነው። የሣሩ ህዋስ በብርሃን አስተጻምሮ ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ስኳር ይለውጣል። አይጡም ቀበሮውም ያንን ስኳር፣ ወይም ከእርሱ የተሠራውን ስብና ፕሮቲን፣ በህዋሶቻቸው ውስጥ ባሉ ሚቶኮንድሪያ በኦክስጅን አማካይነት አፍርሰው ኤቲፒ የተባለ ሞለኪውል ይሠራሉ። ጡንቻ ሲኮማተር፣ ነርቭ ሲቀሰቀስ፣ ፕሮቲን ሲገነባ የሚከፈለው በዚህ ሞለኪውል ነው። በሳነቴ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በእንስሳው ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢንና በጡንቻው ውስጥ ያለው ሚቶኮንድሪያ በዚያው ልክ መሥራት አለባቸው። ከፍታውን የለመደ እንስሳ የለመደው በእግሩ ወይም በጸጉሩ ብቻ ሳይሆን በሞለኪውሎቹም ጭምር ነው።

ወደ በሽታው የምንገባው በነርቭ ህዋስ በኩል ነው። ተማሪዎች በሥዕል የሚያዩት ህዋስ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፤ የእንቅስቃሴ ነርቭ ህዋስ ግን በጭራሽ እንዲህ አይደለም። ኑክሊየሱን የያዘው የህዋሱ አካል በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ቀጭን ክንዱ ብቻ እስከ እግር ጡንቻ ድረስ ይዘረጋል። በቀይ ቀበሮ የኋላ እግር ይህ ክንድ ወደ ግማሽ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ ውፍረቱ ግን ከሰው ጸጉር ያነሰ ነው። ክንዱ ለራሱ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን በአብዛኛው የሚያገኘው ከህዋሱ አካል ነው። ሞለኪውሎች በራሳቸው እየተንሳፈፉ ይህን ርቀት ይጓዙ ቢባል ዓመታት በወሰደባቸው ነበር። ስለዚህ በክንዱ ውስጥ ከፕሮቲን የተሠሩ ረጃጅም ቱቦዎች ተዘርግተዋል፤ በእነርሱም ላይ ጭነት ተሸክመው የሚራመዱ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ። ኪኔሲን የሚባሉት ከህዋሱ አካል ወደ ጫፍ፣ ዳይኒን የሚባለው ደግሞ ከጫፍ ወደ ህዋሱ አካል ይጓዛሉ። የዳይኒን አንድ እርምጃ ብዙውን ጊዜ 8 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፋይ ነው) ያህል ነው፤ ግማሽ ሜትር ለመጓዝ ከ60 ሚሊዮን በላይ እርምጃ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ጉዞው ሁሉ በኤቲፒ ይከፈላል።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚጠቀመው ይህንኑ መጓጓዣ ነው። ቫይረሱ ህዋስ አይደለም፤ ሚቶኮንድሪያ የለውም፣ ኤቲፒ አይሠራም፣ ፕሮቲን የሚገነባበት መሣሪያም የለውም። የዘር መልእክቱ በ12,000 ገደማ ፊደላት የተጻፈ የአር ኤን ኤ ሰንሰለት ሲሆን፣ በእርሱ ላይ የሠፈሩት የአምስት ፕሮቲኖች መመሪያዎች ብቻ ናቸው። ለማነጻጸር ያህል፣ የውሻ ወገን የሆነ አንድ እንስሳ የዘር መልእክት ከሁለት ቢሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። በንክሻ ከምራቅ ጋር ወደ ጡንቻ የገባ ቫይረስ፣ በላዩ በተሸፈነበት አንድ ፕሮቲን አማካይነት በነርቭና በጡንቻ መገናኛ ላይ ካሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ይያያዛል፤ ከእነርሱ አንዱ አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ የሚቀበለው ነው። ከዚያ ወደ ነርቩ ጫፍ ገብቶ በዳይኒን ላይ ተጭኖ ወደ ሕብለ ሰረሰር ያቀናል። በጡንቻው ውስጥ ቀናትን ወይም ሳምንታትን ሊያሳልፍ ይችላል፤ ነርቩን ካገኘ በኋላ ግን በሙከራ እንደታየው በቀን እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ከንክሻው እስከ ሕመሙ ምልክት ያለው ጊዜ በሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር የሚሆነውና ፊቱን የተነከሰ ሰው እግሩን ከተነከሰው ይልቅ ቶሎ የሚታመመውም በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቫይረሱ ለጉዞው የሚከፍለው ምንም የለም። ዳይኒኑ የሚራመድበት ኤቲፒ የቀይ ቀበሮው ነው፤ ቀይ ቀበሮው ያገኘው ከፍልፈል፣ ፍልፈሉ ከሣር፣ ሣሩም ከፀሐይ ነው። ቀደም ሲል በምግብ ሰንሰለት ስንከታተለው የነበረው ያው ኃይል፣ በመጨረሻው አንዲት የቫይረስ ቅንጣት በነርቭ ክንድ ውስጥ ይዞ ሲጓዝ አገኘነው። «ህዋስ» እና «ሥርዓተ ምኅዳር» በሚሉ ሁለት ምዕራፎች የተለያዩት ነገሮች አንድ ሒሳብ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

ቫይረሱ አንጎል ከደረሰ በኋላ በነርቭ ህዋሶች ውስጥ ይባዛል፤ ቀጥሎም በነርቮች በኩል ተመልሶ ወደ ምራቅ እጢዎች ይወርዳል። በእንስሳው ጠባይ ላይ የሚታየው ለውጥ፣ መደናገሩ፣ ፍርሃት ማጣቱ፣ ያገኘውን መንከሱ፣ ምራቁ በቫይረስ ከሞላበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቫይረሱ ያሰበበት ይመስለዋል። ሐሳብ የለውም። አር ኤን ኤ ሲገለበጥ ስህተት ይበዛዋል፤ ስለዚህ ከአንድ ቫይረስ የሚወለዱት ሁሉ በመጠኑ የተለያዩ ናቸው። ከእነዚህ መካከል እንስሳው መንከስ በጀመረበት ሰዓት ምራቅ ውስጥ የተገኙት ወደሚቀጥለው እንስሳ ተሻገሩ፤ ያልተገኙት ከእንስሳው ጋር አብረው ሞቱ። ይህ በብዙ ትውልድ ሲደጋገም ውጤቱ የታሰበበት የሚመስል ነገር ይሆናል። ዝግመተ ለውጥን ለማስረዳት ከዚህ የጠራ ምሳሌ ብዙም አላውቅም፤ ቢያንስ ከቀጭኔ አንገት ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

አሁን ከአንድ እንስሳ ወደ መንጋ እንሻገር። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ያድናል ብያለሁ፤ የሚኖረው ግን በመንጋ ነው። አንድ መንጋ በአማካይ ስድስት ገደማ አዋቂዎች ይኖሩታል፤ በዓመት አንድ ጊዜ የምትወልደው የበላይዋ ሴት ብቻ ስትሆን፣ ሌሎቹ ግልገሎቹን በመጠበቅና የበሉትን እያወጡ በማብላት ይረዷታል። ንጋትና ምሽት ላይ ተሰብስበው፣ እየተሻሹና አፍ ለአፍ እየተነካኩ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም የግዛታቸውን ወሰን አብረው ይዞራሉ፣ ከጎረቤት መንጋ ጋር ከተገናኙም ይባረራሉ። አደን በጋራ ካልሆነ መንጋው ለምን ያስፈልጋል ለሚለው፣ ተመራማሪዎች የሚሰጡት መልስ የመሬት ጥበት ነው። አይጥ የሞላበት ምድር ውስን በመሆኑ፣ ያንን ምድር ከጎረቤት ለማስጠበቅ ቁጥር ያስፈልጋል። እንግዲህ በጠባብ ምድር ለመኖር የጠቀመው ይህ ጠባይ፣ ለቫይረሱም የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ከአንድ መንጋ አንዱ ከታመመ ሌሎቹ አያመልጡም፤ ታሞ የባዘነው ደግሞ ወሰን አያከብርም።

በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ በ1991 እና 1992፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ተመዝግቧል። ከነዚህ ውስጥ በዝርዝር ልናየው የሚገባው የ2003ቱ ነው። በዌብ ሸለቆ የተነሣው በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። የባሌ ቀይ ቀበሮዎች በዋናነት በሦስት ስብስብ ማለትም በዌብ ሸለቆ፣ በሞረባዋና በሳነቴ የሚኖሩ ሲሆን፣ ስብስቦቹ የሚገናኙት በጠባብ መተላለፊያ ሸለቆዎች ነው። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ባለሙያዎችና የአገሪቱ ባለሥልጣናት የወሰዱት እርምጃ፣ ሁሉንም ለመከተብ ከመሯሯጥ ይልቅ በእነዚህ መተላለፊያዎች ዙሪያ ያሉትን መንጋዎች መከተብ ነበር። 70 ገደማ ቀይ ቀበሮዎች እየተያዙ ተከተቡ፤ በሽታውም ወደ ሌሎቹ ስብስቦች ሳይዛመት ቆመ።

ይህ ለምን እንደሠራ ለመረዳት የግድ የስብስብን ሒሳብ ማየት ያስፈልጋል። አንድ የታመመ እንስሳ በአማካይ የሚያሲዛቸው ሌሎች እንስሳት ቁጥር ከአንድ በላይ ከሆነ በሽታው ይስፋፋል፤ ከአንድ በታች ከወረደ ይከስማል። በውሾች ዘንድ ለእብድ ውሻ በሽታ ይህ ቁጥር በብዙ ቦታ ከ1 በላይ፣ ከ2 በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ ከኩፍኝ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ከስብስቡ ጥቂቱን ብቻ መከላከል ቁጥሩን ከአንድ በታች ሊያወርደው ይችላል፤ የሚከተቡት ደግሞ በዘፈቀደ ሳይሆን ስብስብን ከስብስብ በሚያገናኘው ቦታ ላይ ያሉት ከሆኑ ይበልጥ ጥቂት ይበቃሉ። ኔቸር በተባለው መጽሔት በ2006 የታተመው ጥናት፣ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ ብቻ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ሊያስቀር እንደሚችል አሳይቷል። ዓላማው አንድም ቀይ ቀበሮ እንዳይሞት ማድረግ አልነበረም። ስብስቡ ተመልሶ ሊያገግም ከማይችልበት ቁጥር በታች እንዳይወርድ ማድረግ ነበር፤ ለሐኪም የማይዋጥ፣ ለሥነ ምኅዳር ባለሙያ ግን ትክክለኛ የሆነ ዓላማ ነው።

ቁጥር ማነሱ በራሱ የሚያመጣው ሌላ መዘዝ አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ስብስብ ሲያንስ በውስጡ ያለው የዘር መልእክት ልዩነት በአጋጣሚ እየጠፋ ይሄዳል፤ በቀይ ቀበሮ ላይ የተደረጉ የዘር ጥናቶችም ልዩነቱ ዝቅተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህ በላይ፣ ቀይ ቀበሮና ውሻ እኩል 78 ክሮሞሶም ያላቸውና የሥጋ ዘመድ በመሆናቸው ሊዳቀሉ ይችላሉ፤ በዌብ ሸለቆ የተዳቀሉ ተገኝተዋል። ውሻ ለቀይ ቀበሮ በሽታም ዲቃላም ያመጣበታል ማለት ነው።

ወደ ክትባቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው በአንድ እርምጃ የምንሻገርበት ቦታ እርሱ ነው። አንድን ቀይ ቀበሮ ይዞ በመርፌ መውጋት ለእንስሳው ጭንቀት፣ ለባለሙያው ድካም ነው። ስለዚህ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚበላ ክትባት በባሌ ተሞከረ፤ ከተሞከሩት ማባበያዎች የተሻለው የፍየል ሥጋ ሆኖ ተገኘ፤ በ2018ም ወረርሽኝ ሳይነሣ አስቀድሞ የሚሰጥ የአፍ ክትባት ዘመቻ ተጀመረ። ክትባቱ ሳግ 2 የሚባል፣ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው። ሕያው ቫይረስ ዱር ላይ መበተን የሚያስፈራ ነገር መሆኑ ግልጽ ነው፤ ተመልሶ ገዳይ ቢሆንስ? መልሱ በአንድ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ጡቦች በአንዱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቫይረሱን በላዩ የሚሸፍነው ፕሮቲን ከ500 በላይ አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ሲሆን፣ በ333ኛው ቦታ ላይ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ካልተገኘ ቫይረሱ የመግደል ኃይሉን በአብዛኛው ያጣል። በክትባቱ ውስጥ ይህ ቦታ በግሉታሚክ አሲድ ተተክቷል።

ብልሃቱ ያለው በአተካኩ ላይ ነው። አንድ አሚኖ አሲድ የሚጻፈው በሦስት ፊደላት ነው። ለምሳሌ አርጂኒን «ኤ፣ ጂ፣ ኤ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ግሉታሚክ አሲድ ደግሞ «ጂ፣ ኤ፣ ኤ» ተብሎ። ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው ለመመለስ የፊተኞቹ ሁለት ፊደላት በአንድ ጊዜ መለወጥ አለባቸው። አርጂኒን የሚጻፍባቸው ሌሎች መንገዶች ሁሉ ቢሞከሩም ያው ነው፤ ከግሉታሚክ አሲድ በአንድ ፊደል ለውጥ የሚደረስበት አንድም የለም። አንድ ስህተት በ10,000 ፊደል አንድ ጊዜ ይከሰታል ብንል፣ ሁለት የተወሰኑ ስህተቶች በአንድ ላይ መከሰታቸው በ100 ሚሊዮን አንድ ጊዜ ገደማ ይሆናል፤ ሁለተኛው ስህተት የግድ አንድ የተወሰነ ፊደል መሆን ስላለበት ዕድሉ ከዚህም ያንሳል። በሳነቴ አምባ ላይ አንድ የፍየል ሥጋ ቁራጭ በእፎይታ መጣል የሚቻለው በእነዚህ ሁለት ፊደላት ምክንያት ነው። ቀይ ቀበሮው ሥጋውን ሲያኝክ በውስጡ ያለው ከረጢት ይፈነዳል፤ ክትባቱ የአፉንና የጉሮሮውን ገጽ ይነካል፤ የመከላከያ ህዋሶቹም ያንን የቫይረስ ሽፋን ፕሮቲን ለይተው የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት መሥራት ይጀምራሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ እንስሳ ይገባል ወይ የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፤ አግባብነትም አለው። እኔ ቀይ ቀበሮ ከጠፋ ተራራው ይፈርሳል አልልም፤ በባሌ አይጥ የሚበሉ ብዙ ንስሮችና ጭልፊቶች አሉ፤ ማጋነን ሳይንሱን ይጎዳል። ነገር ግን ዝርያዎች የሚተሳሰሩባቸውን መንገዶች ሁሉ ገና አውቀን አልጨረስንም። በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መካከል ገብተው አይጥ ሲያድኑ ሙከራቸው ከመቶ 67 ሲሳካላቸው፣ ብቻቸውን ሲያድኑ ግን ከመቶ 25 ብቻ እንደሚሳካላቸው በ2015 ተዘግቧል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሿቸውም። በ2024 ደግሞ በባሌ ቀይ ቀበሮዎች የአንድ ረዥም ቀይና ቢጫ አበባ ማር ሲልሱ፣ አፍንጫቸውም የአበባው ብናኝ ተቀብቶ መታየቱ ታትሟል። ሥጋ በል የሆነ እንስሳ ለአበባ መራባት ሊያግዝ ይችል ይሆናል ብሎ አስቀድሞ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። ፍልፈሉም እንዲሁ ለምግብነት ብቻ አይታይም፤ አፈሩን እያገላበጠ፣ ዕፅዋቱን እየቀበረ፣ የትኛው ተክል የት እንደሚበቅል የሚወስን እንስሳ ነው። በብርዱ ምክንያት ብስባሽ ቀስ ብሎ የሚፈርስበት ይህ አፈር ውሃ ይይዛል፤ ከዚህ ተራራ የሚነሡት ዌብና ገናሌ፣ እንዲሁም የዋቢ ሸበሌ ገባሮች፣ ቆላውን አቋርጠው ወደ ሶማሊያ ይዘልቃሉ።

ነገሩ በስተመጨረሻ የሚያርፈው በሰውና በውሻው ላይ ነው። ቫይረሱ በቀይ ቀበሮ ስብስብ ውስጥ ለዘለቄታው መቆየት አይችልም፤ ቁጥሩ ያንሳልና ያገኛቸውን ከጨረሰ በኋላ ራሱም ይጠፋል። የሚቆየው ከብት ወደ ከፍታው ከሚያወጡ እረኞች ጋር በሚሄዱት፣ ከጅብና ከነብር መንጋውን በሚጠብቁት ውሾች ውስጥ ነው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች በፓርኩ ዙሪያ ይከተባሉ፤ ይህም ለገበሬው ልጅ ከቀበሮው ይልቅ ይጠቅማል፤ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱ ሰዎች ከመቶ 99ኙ በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነውና። ይሁን እንጂ ቀደም ብዬ በጠቀስኩት ሒሳብ መሠረት ሦስት ወይም አራት ከአሥር ውሾችን መከተብ በቂ ሊመስል ሲችል፣ የጤና ድርጅቶች 70 በመቶ ይከተብ የሚሉበት ምክንያት አለ። የገጠር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው። ዛሬ የተከተቡት ውሾች ብዙዎቹ በሚቀጥለው ዓመት አይኖሩም፤ በእነርሱ ቦታ የተወለዱት ቡችሎች ደግሞ ካልተከተቡ በደማቸው ውስጥ ይህን ቫይረስ የሚከላከል ዘላቂ ፀረ እንግዳ አካል የላቸውም። ክትባቱ በዚህ ዓመት 70 በመቶ ላይ ካልደረሰ፣ የሚቀጥለው ዘመቻ እስኪመጣ ድረስ የመከላከል አቅሙ ከሚፈለገው በታች ይወርዳል። ስለዚህ የባሌ ሥራ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጀመር ሲሆን፣ የሚጀመረውም ከቀይ ቀበሮው ሳይሆን በእረኛው ደጃፍ ከታሰረው ውሻ ነው።